ድንጋዩ አላለቀም ነበር

«ያ እቃህ ዛሬም ዝም ብሏል፤ ድንጋዩ አልቆ ይሆናል» አለችኝ እማ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው የደወለችው። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እሷ ደሴ። ድንጋዩን ከቀየርኩት ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር።

እቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእማ ቤት ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቆጣሪውም ሮቶውም ያሉት ላይኛው ሰፈር አጎቴ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ውሃው እዚያ ይሞላና በጎማ ወደ እማ ቤት ይወርዳል። ሮቶው ውስጥ ስንት እንደቀረ ለማወቅ አንድ ሰው ሦስት መቶ ሜትር ዳገት ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ማየት አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እማ ናት። ጉልበቷን ደግሞ ያማታል።

ስለዚህ የውሃውን ከፍታ ለክቶ በሬዲዮ ወደ ቤት የሚልክ ነገር ሠራሁላት። ክዳኑ ላይ ድምፅ ልኮ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካ ሴንሰር አለ። አንድ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር (ኮዱን የሚያስኬደው ቺፕ)፣ አንድ የሎራ ሬዲዮ (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ)፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ። እማ ጋ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ መቶኛውን የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ተቀምጧል። ሮቶው ጋ መብራት አልተዘረጋም፤ ሁሉም ነገር በድንጋይ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ሁለት ድንጋይ አዲስ ሲሆን 3 ቮልት ትንሽ አለፍ ይላል፣ እየቆየ ወደ 2 ይወርዳል። ሴንሰሩ የሚፈልገው ግን 5 ቮልት ነው። መካከላቸው ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ቡስት ኮንቨርተር ማስገባት ግድ ነበር። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ያን ትንሹን ሰማያዊ ሞጁል ነው፣ ኤምቲ3608 የሚባል ቺፕ ያለበትን። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካካ ሰው ሁሉ መሳቢያው ውስጥ አንድ ሁለት አያጣም።

ቡስት የሚሠራው እንዲህ ነው። ኢንደክተሩን፣ ማለትም የተጠቀለለውን ሽቦ፣ ለአፍታ ከድንጋዩ ጋር ያገናኘዋል፣ ከረንት ይሞላበታል፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን ድንገት ያጠፋዋል። ኢንደክተር ከረንቱ ባንዴ ሲቋረጥበት አይወድም። ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ በዳዮዱ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው) በኩል ወደ መውጫው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ወደሚያጠራቅመው) ይገፋዋል። ይህ ቺፕ ይህን በሰከንድ 1.2 ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግመዋል። ግን ከየትም የመጣ ጉልበት የለም። መውጫው ላይ በ5 ቮልት 120 ሚሊ አምፕር ከተፈለገ፣ ሞጁሉ 80 በመቶ ብቃት ቢኖረው እንኳን ከ2.4 ቮልት ድንጋይ ላይ 310 ሚሊ አምፕር ገደማ ይስባል። ድንጋዩ በወረደ ቁጥር የሚስበው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህችን አረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እሷ ላይ ነው።

ድንጋይ ለመቆጠብ ብዬ አንድ ሌላ ነገርም ጨምሬ ነበር። ቲፒኤል5110 የሚባል የሰዓት ቺፕ አለ፤ የሚበላው 35 ናኖ አምፕር ብቻ ነው። እሱ በየግማሽ ሰዓቱ ሞስፌቱን፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ከፍቶ ኃይል ይለቃል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ለክቶ ልኮ ሲጨርስ «ጨርሻለሁ» ይለዋል፣ ሰዓቱም መልሶ ይዘጋዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ግን እቃው በቀን 48 ጊዜ ከዜሮ ይነሳል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተነስቶ እስከ ወሩ የሚሠራ እቃ ቢሆን ኖሮ የመነሳት ችግሩን ላላየው እችል ነበር።

ኮምቦልቻ ያለችው ኪራይ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ያለ ምንም እንከን ሠራ። ደስ ብሎኝ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ዞሬ ወጥቼ ሮቶው ላይ ሰቀልኩት። ኅዳር ነበር።

እቃው ዝም ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የተጠራጠርኩት አንቴናውን ነው። ከዚያ ብየዳዬን። ከዚያ ኮዱን። ሦስት ቅዳሜ እየተመላለስኩ አንቴና ቀየርኩ፣ ብየዳውን በካውያ አንድ በአንድ ደገምኩ፣ ኮዱ ላይ ሬዲዮው ካልተሳካለት ሦስቴ እንዲሞክር ጨመርኩ። ያ የመጨረሻው ነገሩን አባሰው፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በሄድኩ ቁጥር ቴስተር ይዤ ስለካ ድንጋዩ 2.8 ቮልት ያሳየኛል፣ ሬዲዮውን ነቅዬ መውጫውን ስለካ 4.97 ይለኛል። ሁሉም ሰላም ነው። ድንጋይ እቀይራለሁ፣ ይነሳል፣ ተመልሼ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ከሳምንት በኋላ እማ ትደውላለች።

መንገዱን ያሳየችኝ እማ ናት። አራተኛው ቅዳሜ ቡና እያፈላች ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየችኝና «ያንተ እቃ አልቋል ብሎ የጣለውን ድንጋይ ሰዓቱ ውስጥ ከትቼው ይኸው ወሩን ሊይዝ ነው። የእጅ ባትሪዬም በሱ ነው የሚበራው» አለችኝ። ተነስቼ ሰዓቱን አወረድኩት። እውነቷን ነው። የኔው ድንጋይ ነው፣ በእስክሪብቶ የጻፍኩበት ቀን አለ። ለካሁት፤ 1.38 ቮልት። እንዲህ ያለ ድንጋይ አልቋል አይባልም።

ማታ ኮምቦልቻ ስመለስ ከስክሪኑ ሚሞሪ የገለበጥኩትን ዝርዝር ከፈትኩት። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ። መረጃው የሚጠፋው እንደመጣለት አልነበረም። አዲስ ድንጋይ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚጠፉት ከሌሊቱ አሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያሉት ናቸው። በየቀኑ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ከስምንት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ተኩል ይደርሳል። ፀሐይ ሮቶውን ስትመታው እቃው ይነቃል፣ ቀኑን ሙሉ ይልካል፣ ሌሊት ይጠፋል። በመጨረሻም ቀንም ሌሊትም ዝም ይላል። እማ ስክሪኑን የምታየው ለሱብሂ ስትነሳ ስለሆነ ሁሌም የምታገኘው ዝም ያለበትን ሰዓት ነው።

ብርድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን የኅዳርን ሌሊት ሁለቱም ጋ ያደረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እኔ ኮምቦልቻ በቲሸርት ተቀምጬ የሞከርኩትን ነገር ደሴ ጣሪያ በሌለበት ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ለሚወርድ ብርድ ሰጠሁት።

ብርዱን ኮምቦልቻ ማምጣት ነበረብኝ። አከራዬን «እትዬ፣ ፍሪጅዎ ውስጥ አንድ ነገር ላሳድር?» አልኳቸው። «ሥጋ ነው?» አሉ። ሬዲዮ ነው ስላቸው ለትንሽ ጊዜ አዩኝና የታችኛውን መደርደሪያ አስለቀቁልኝ። ከደሴ ያመጣሁትን «ያለቀ» ድንጋይ እንዳለ ከነእቃው ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ አስቀመጥኩት፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በፍሪጁ በር ጎማ በኩል አወጣሁ፣ ራሴ የገጣጠምኳትን ባለ አንድ ቻናል ትንሽ ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ ከቅጽበት ቅጽበት ሲለዋወጥ በመስመር የምትስል) ድንጋዩ ጫፍ ላይ አያያዝኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ፍሪጅ ሳይገባ ያው ድንጋይ እየተንገዳገደም ቢሆን ያስነሳው ነበር። ከቀዘቀዘ በኋላ የመጀመሪያው ተራ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ያየሁት የመጋዝ ጥርስ ነው።

ድንጋዩ ከ2.8 ቮልት ጀምሮ ወደ 1.9 ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። እንደገና ይወርዳል። እንደገና ይዘላል። ዓይኔን ሳላነሳ አየሁት፣ አያቆምም። ሽቦውን መውጫው ላይ ሳዞረው ደግሞ ቮልቴጁ ወደ 5 ሊሄድ ተነስቶ 3 አካባቢ ሲደርስ ይወድቃል። ቴስተር ይህን አያሳይም። ቴስተር አማካዩን አስልቶ አንድ የረጋ ቁጥር ያወጣል፣ ያም ሬዲዮው ተነቅሎ ሲለካ ነው። እኔ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የለካሁት እቃው ሥራ ላይ ያልነበረበትን ሰዓት ነው።

አሁን የሆነውን ልዘርዝረው፤ እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም።

ድንጋይ ውስጥ የማይታይ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን የሚቃወም ነገር፣ አለ። ደህና አልካላይን ድንጋይ አዲስ ሲሆን ከ0.15 እስከ 0.3 ኦም ገደማ ነው። እያረጀ ሲሄድ ይጨምራል፣ ሲበርደው ይጨምራል፣ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ደግሞ ከመነሻውም ከፍ ያለ ነው። የኔ ሁለቱ ድንጋዮች ግማሽ አርጅተውና ቀዝቅዘው በድምሩ 2 ኦም ቢሆኑ ስሌቱ እንዲህ ይመጣል። ሬዲዮው ሲልክ 120 ሚሊ አምፕር ይፈልጋል፣ ይህ በ5 ቮልት 0.6 ዋት ነው፣ ከድንጋዩ ሲወጣ 0.75 ዋት። 2.8 ቮልት ያለው፣ 2 ኦም የተሸከመ ድንጋይ 0.75 ዋት ሲጠየቅ 2.08 ቮልት ላይ ይረጋል። የቡስቱ ቺፕ የሚሠራው መግቢያው ከ2 ቮልት በታች እስካልወረደ ድረስ ነው። ማለትም አንዴ ከተነሳ በጠባብ ያልፋል። እንዳይነሳ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ሲነሳ ከሬዲዮው በተጨማሪ ባዶውን የመውጫ ካፓሲተር መሙላት አለበት፣ እኔ ደግሞ ሬዲዮው ሲልክ ቮልቴጅ እንዳይወርድበት ብዬ እዚያ ላይ 1000 ማይክሮ ፋራድ አድርጌ ነበር። ቺፑ ያን ባልዲ ለመሙላት የቻለውን ያህል ይስባል፣ ድንጋዩ ይወርዳል፣ በወረደ ቁጥር ቺፑ ያንኑ ዋት ለማግኘት ይበልጥ ይስባል፣ ድንጋዩ ይበልጥ ይወርዳል፣ ከ2 ቮልት በታች ሲሆን ቺፑ ራሱን ይዘጋል። ሲዘጋ ጭነቱ ይነሳለትና ድንጋዩ ያገግማል። ቺፑ ቮልቴጅ አየሁ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ያየሁት መጋዝ ይህ ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ በጠዋት የአይሱዙ ሹፌር ሲያደርግ አይቶታል። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮሃል፣ ሞተሪኖው ግን አንድ ሁለቴ እህህ ብሎ ይቆማል። ሹፌሩ ባትሪው ሞቷል አይልም። ማታውኑ መኪናውን አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ያቆመው ለዚህ ነው። ለመንዳት የሚበቃ ኃይል ለማስነሳት አይበቃም፣ በተለይ በብርድ። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በዓይኔ እያየሁ አድጌ ከሁለት ድንጋይ ጋር ማገናኘት አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ሌላ ሁለት ነገርም ነበር። አንደኛው፣ ቡስት ኮንቨርተር ገና ሳይነሳ እንኳን መውጫው ዜሮ አይደለም። ከድንጋዩ ተነስቶ በኢንደክተሩና በዳዮዱ በኩል እስከ መውጫው ድረስ ክፍት መንገድ አለ፤ ድንጋዩ 2.8 ከሆነ መውጫው ላይ 2.5 ገደማ ቀድሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ማይክሮኮንትሮለሩ ቮልቴጁ ትንሽ እንደወጣ፣ 5 ሳይደርስ፣ ነቅቶ ሥራ ይጀምራል። የኔ ኮድ መጀመሪያ የሚያደርገው ሬዲዮውን መቀስቀስ ነበር። ገና ልብስ ያልለበሰን ሰው ኩንታል ተሸከም እንደማለት ነው። ቮልቴጁ ሲወድቅ ኮንትሮለሩ ይጠፋል፣ ሲመለስ ኮዱን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ እንደገና ሬዲዮውን ይቀሰቅሳል። እኔ የጨመርኩት ሦስቴ መሞከር ደግሞ ጭነቱን አበዛው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያናድዳል። ሰዓቱ ቺፕ «ጨርሻለሁ» እስኪባል ድረስ ኃይል አይዘጋም፤ ካልተባለ እስከሚቀጥለው ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ አልነሳም ያለ እቃ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲነሳና ሲወድቅ ይቆያል፣ በያንዳንዱ ጥርስ ድንጋዩን እየጎተተ። ከግማሽ ዓመት በላይ እንዲቆይ ያሰላሁት ድንጋይ በዘጠኝ ቀን ለምን እንደሚደክም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መነሳት ማቃቱ ድንጋዩን ያደክመዋል፣ የደከመ ድንጋይ ደግሞ ጭራሽ አያስነሳም።

ወደ መፍትሔው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሽፏል። ድንጋዩን ላግዘው ብዬ መግቢያው ላይ 2200 ማይክሮ ፋራድ ጨመርኩ፣ ግን ከሞስፌቱ በኋላ። ባሰበት። ምክንያቱም ሞስፌቱ በተከፈተ ቁጥር ድንጋዩ ሁለት ባዶ ባልዲ ይሞላል። ካፓሲተሩን ወደ ሞስፌቱ ማዶ፣ በቀጥታ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሳዞረው ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ሲሆን ሁልጊዜ ሞልቶ ይጠብቃል፣ ሹፌሩ ቁልቁል እንዳቆመው መኪና። ዋጋ አለው፤ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ቀን ከሌሊት ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ የሚያፈሰውም የሰዓቱ ቺፕ ከሚበላው ብዙ እጥፍ ነው። ቢሆንም ሲነሳ ሲወድቅ ከሚባክነው ጋር አይወዳደርም።

የመውጫውን 1000 አንስቼ 100 አደረግሁት። ለመሙላት የሚፈልገው ጉልበት አንድ አሥረኛ ሆነ፣ ይህን ደግሞ መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር ብቻውን ሊሸፍነው ይችላል። ከዚያ ኮዱን። አሁን ማይክሮኮንትሮለሩ ሲነቃ ምንም አይነካም። ሬዲዮውን ተኛ ይለዋል፣ 300 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፣ የራሱን ቮልቴጅ ይለካል። ደህና ከሆነ ሴንሰሩን አብርቶ ይለካል፣ ሴንሰሩን ያጠፋል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ይልካል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይበሩም። ቮልቴጁ ደህና ካልሆነ ወዲያው «ጨርሻለሁ» ብሎ ይተኛል፤ የሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ይሻላል። የሬዲዮውንም ጉልበት ከ20 ወደ 17 ዴሲቤል ሚሊዋት አወረድኩት። ከረንቱ ከ120 ወደ 87 ሚሊ አምፕር ወረደ፣ ያው የደከመ ድንጋይ 2.08 ሳይሆን 2.33 ቮልት ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሦስት መቶ ሜትር ለሎራ ምንም አይደለም፣ መጀመሪያውንም 20 ማድረጌ ትርፍ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ነገር ለምትሠሩ አንድ ነገር አደራ። ጠረጴዛ ላይ በፓወር ሰፕላይ ብቻ አትፈትኑ። ፓወር ሰፕላይ ውስጣዊ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላል፣ የፈለጋችሁትን ይሰጣችኋል። ቮልቴጁን 2.6 ላይ አድርጋችሁ ከእቃው ጋር ባለ 2 ኦም ሬዚስተር በሴሪ (አንድ መስመር ላይ አከታትላችሁ) አስገቡ፤ ያረጀና የበረደው ድንጋይ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። ዳታሺት (የቺፑን መግለጫ ወረቀት) ስታነቡም «በዚህ ቮልቴጅ ይነሳል» የሚለውን ቁጥር ብቻውን አትመኑ፣ በስንት ጭነት እንደሆነ አጠገቡ ያለውን ፈልጉ። ኤምሲፒ1640 የሚባለው ሌላ የቡስት ቺፕ ለምሳሌ በ0.65 ቮልት ይነሳል ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን መውጫው ላይ ያለው ጭነት 1 ሚሊ አምፕር ሲሆን ነው። ሬዲዮ አያይዛችሁ ያን ቁጥር ብትጠብቁ የኔን አራት ቅዳሜ ትደግሙታላችሁ።

ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ያው «ያለቀ» ድንጋይ፣ 48 ጊዜ በቀን፣ አንድም አልዘለለም። እትዬ ጠዋት ወተት ሊያወጡ ሲከፍቱ «ሬዲዮህ ደህና አደረ?» ይሉኝ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ወስጄ ሰቀልኩት። አጎቴ መሰላሉን ይዞልኝ፣ «አሁንስ ድንጋይ ትጨርሳለህ?» አለኝ፤ ኢንሻአላህ አልጨርስም አልኩት።

አሁን ሚያዝያ ነው። ድንጋዩ ያኔ የገባው ነው። የግድግዳው ሰዓትም በዚያው በድሮው ድንጋይ ይሄዳል፣ እማ እንዳትቀይረው ብያታለሁ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ማየት እፈልጋለሁ። ባለፈው ሰኞ ከሱብሂ በኋላ ስልኬ ጮኸ። እንቅልፌ ውስጥ ሆኜ እቃው ቆመ ብዬ ደነገጥኩ።

«ሠላሳ አራት ይላል» አለች እማ። «ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ነው። ብርድ ልብሱን ልጠበው ወይስ ይቆይ?»